የቅቤ ዝንብና የዱቄት አባት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሰው ከሆነ ይሁን፤ የነፍሳቱን ስም ያወጣው መልአክ ግን ርቦት ነበር መሰለኝ። እንግሊዞች ቢራቢሮን «በተርፍላይ» ይሏታል፤ የቅቤ ዝንብ እንደ ማለት። ለምን? ከፊሉ ወተትና ቅቤ ትሰርቃለች ተብላ ትታማ ስለ ነበር ነው ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ እንደ ቅቤ ቢጫ የሆነውን ቀለሟን አይተው ነው ይላል። ባለቤቶቹም እርግጡን አያውቁትም። እኔንም አትጠይቁኝ።

በስደት የምንኖረው ዴም የሚባል ሰፈር ነው፤ ሐዋ የምትባል የወሎ ልጅ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራ ነበር። ትንሿን ልጇን ሐያትን የምታሳድግላት ባለቤቴ ናት፤ እናት የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ዐረብኛ ስለሆነ የልጅቷ አማርኛ ሳሳ። የሐዋ ዐረብኛ ደግሞ የማዳም ቤት ዐረብኛ ነው፦ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ያላ! በእሱ ልጅ አይባበልበትም።

አንድ ዓርብ «ነይ እቀፊኝ» ብትላት ሐያት ትከሻዋን ነቅንቃ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሐዋ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ይሄኔ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ ገባች።

«አቡ ደጊግ!» ብላ ሐያት ዘለለች።

«ምን አለች፣ ጋሼ?» አለችኝ ሐዋ።

«የዱቄት አባት። ክንፏን ሲነኩት ዱቄት ይመስል የለ?» አልኳት። ዕውቀት አላስቀምጥ ሲለኝ የእንግሊዞቹንም የቅቤ ዝንብ ጨመርኩላት።

ሐዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «እንግሊዙ ቅቤ፣ ዐረቡ ዱቄት ካመጣ ለእኛ ምን ቀረን? ገንፎ ነዋ!»

«ገንፎ ሹኑ?» አለች ሐያት፤ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

ይህን በቃል የምትመልስ እናት የለችም። ሐዋ ተነሥታ አገነፋች፤ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤ በበርበሬ አፈሰሰችበት። ሐያት ቸኩላ ጣቷን ተቃጠለች። እናቷ ይዛ እፍ አለችላት፤ ልጅቷም እጇን አልነጠቀችም። እፍ በሁሉም ቋንቋ እፍ ነው። ከዚያማ እየጠቆመች «ይሄስ? ይሄስ?» ስትል፣ መቼ እናቷ ጭን ላይ እንደ ወጣች አላየንም።

ሐዋ ያን ቀን ወደ ካፉሪ መመለስ አቃታት። በማግሥቱ ሄዳ ማዳሟን «ቀን ውዬ ማታ ቤቴ ልግባ» ብላ ብትለምን እምቢ አለቻት። ሐዋም «ኢንሻላህ ሌላ አላጣም» ብላ ልብሷን ሸክፋ መጣች።

አሁን አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር በተመላላሽነት ትሠራለች፤ ደመወዟ አንሷል። ከእኛ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ሲመሽ እናትና ልጅ በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ ዐረብኛ ሲጨቃጨቁ ይሰማናል። ባለቤቴ «ኧረ ሰላም ነሱን!» ትላለች። ዝም ካሉ ግን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።