ሳቄ በሽሮ ሜዳ ሲቸበቸብ

ሌሊቱን ሳቄ ሽሮ ሜዳ ላይ በክንድ እየተለካ ሲሸጥ አየሁ። እንዲህ ያለ ሕልም እግዜር ለማንም አያሳይ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ እልፍነሽ የባህል ልብስ ነጋዴ ነኝ። የምታወቀው በሳቄ ነው፤ ሱቄ ውስጥ ከሳቅኩ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል ይላሉ። ጋሽ ዳና የሚባሉ የዶርዜ ሸማኔ አሉ፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ባለፈው ወር አዲስ ጥለት ሠሩ፤ ወይ ጥለት! ዓይኔ ፈዞ ቀረ። «ጋሽ ዳና፣ እስቲ ጫፉን ወጠር አድርገው ይያዙልኝ፣ ፎቶ ላንሳው። ለማስታወሻ ነው» አልኳቸው። ጫፉን ጥፍሩ ለሁለት በተሰነጠቀው አውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያዙልኝ። እኔ ደግሞ ፎቶውን የዚያኑ ቀን ውጭ አገር ላለ ማተሚያ ፋብሪካ ላክሁትና ሦስት መቶ ቀሚስ አዘዝኩ። ለሳቸው ትንፍሽ አላልኩም። ጥለት የሁላችን ባህል አይደል እንዴ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እና በሕልሜ ሽሮ ሜዳ መሐል ቆሜያለሁ። ቀሚሶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ መስቀያ ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዲት ቀሚስ መጣችና ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ፣ አጠገቧ ላለችው ነጠላ «ይቺ ስትታጠብ ቀለሟ የሚለቅ ነው የምትመስለው» አለቻት። ገዢው ዋጋ ይጨምራል፣ ሻጩ «በሞቴ ቀንሱልኝ!» እያለ ይለማመጣል። ይሄማ ያስቃል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ሳቄን ከመንገዱ ማዶ ሰማሁት። ትራፊክ ፖሊሱ መኪና አስቁሞ በኔ ሳቅ ይንከተከታል። አንዲት ሙሽራም እንደዚያው። ሚዜዎቿ ከበዋት «እላይሽ ላይ ይለቅ!» ይሏታል።

«አሜን!» አለችና አሁንም በኔው ሳቅ ሳቀች።

«አንቺ፣ ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከጋሽ ዳና ቡቲክ። የባህል ሳቅ ነው። በሁሉም ቁጥር አለ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ በረርኩ። ቡቲኩ የኔው ሱቅ ነው! ጋሽ ዳና ሙሉ ልብስ ለብሰው ሳቄን ከጥቅል ላይ እየተረተሩ፣ በክንዳቸው እየለኩ ይቆርጣሉ። ስገባ የሸማኔ ጉድጓዳቸው በሩ ሥር ተቆፍሮ ጠበቀኝና እስከ ወገቤ ገባሁበት። ሰልፉ ላይ ያለ አንድ ሰውዬ በላዬ አሻግሮ «ለለቅሶ ቤት የሚሆን አነስ ያለ አላችሁ?» ይላል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ዋናው እዚህ አለ፣ ከባለቤቷ ግዙ!» ብዬ ጮህኩ።

«ያንቺ ይወደዳል» አለችኝ አንዷ። «ይሄ ደግሞ ካውያ አይፈልግም።»

«ጋሽ ዳና፣ ሳቁ እኮ የኔ ነው! የእናቴ ነው፣ የአያቴ ነው!»

«ሳቅ የሁላችን ባህል ነው፣ ልጄ።»

«ቢያንስ አይጠይቁኝም ነበር?»

«‹እስቲ ሳቂልኝ፣ ለማስታወሻ ነው› አላልኩሽም? ሳቅሽልኝ እኮ።»

እንዴት ቅጥል እንዳልኩ! ጋሽ ዳና ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ጥፍሩ ለሁለት በተሰነጠቀው አውራ ጣታቸው አገጬን ቀና አደረጉና «የቀረ እንዳለ ልይ፣ አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ። እሪ ብዬ ባነንኩ።

ነግቷል። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ሳቄን ሞከርኩ። መጣ፤ ተመስገን! ዛሬውኑ ለጋሽ ዳና እነግራቸዋለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ ብዬ እየማልኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ዳና ናቸው፤ ትልቅ ካርቶን ተሸክመው ያልባቸዋል።

«የመኪናው ሰው ‹የእልፍነሽ ነው› ብሎ አራገፈው። ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። ከባድ ነው፣ አንቺ አትችይውም» አሉኝ።

«ይተዉት፣ ኋላ እከፍተዋለሁ» ብልም ማን ሰምቶኝ! በኪሳቸው ምላጭ አይጠፋም፣ ቀደዱት። የመጀመሪያዋን ቀሚስ አወጡ። ጥለቱ ቁጭ የሳቸው ነው። ፋብሪካው ከፎቶው ምንም አላስቀረም፤ ጠርዙን ዙሪያውን፣ በየስንዝሩ፣ አንድ ጠይም አውራ ጣት ታትሟል። ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ። ሁለተኛዋን አወጣሁ። ሦስተኛዋን። ያው ነው። የዚያን ጣት ባለቤት የማያውቅ ሰው በሽሮ ሜዳ የለም።

ጋሽ ዳና ጣታቸውን ሥዕሉ አጠገብ አስቀምጠው ብዙ አዩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አንዷን ስጪኝ፣ ለባለቤቴ እወስድላታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እጄን ታውቀዋለች።»