አቶ ትዕዛዙና ዱዳው ካሜራ

በእያንዳንዱ ሰፈር «ችግሩ ገብቶኛል» የሚል አንድ ሰው አለ። ሰፈሩ ውሃ ያጣል፣ መብራት ያጣል፤ ይህን ሰው ግን አያጣም። ማንም አልሾመውም፣ የሚሽረውም የለም። እንጅባራ ላይ፣ ከቀርከሃው አጥር ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ትዕዛዙ ናቸው።

አቶ ትዕዛዙ ንብ አናቢ ናቸው። ከደረት ኪሳቸው ግን ካቻቢቴ አይለይም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ከነጠላው ሥር ብቅ ይላል። ባለሱቋ ሲቲ ማቀዝቀዣዋን እሳቸው ከፈቱት ወዲህ ዱቄት ታስቀምጥበታለች። «አይጥ አይገባበትም፣ አላህ ይስጣቸው» ትላለች። የመርዋን ባጃጅ ደግሞ እጃቸው ካረፈበት ጀምሮ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ይጮኻል። መርዋን ሲያማርር፣ «እግረኛው እንዲጠነቀቅ ነዋ! ይህ ጉዳት ነው?» ብለው ገሠጹት።

ያም ሆኖ ጎረቤታቸው ውብአየሁ በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት ያስጠራችው እሳቸውን ነው። ሌላ ማንን ትጥራ? እናቷ እማማ ምህረቴ እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያስወጡ በማግስቱ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ሐኪሙ «ድምፃቸው ሊለወጥ ይችላል» ብሏል። እማማ፣ ውብአየሁን፣ ከዚያም ልጇን ሜላትን ያስተኙበት የአዊኛ እሹሩሩ ደግሞ በሌላ ሰው አፍ የለም። ውብአየሁ ያንን ዜማ ስትሰማ፣ ጸጉሯ ሸብቶ እንኳ፣ ዛሬም ዐይኗ ይከደናል።

በስልክ እንዳይቀዷቸው፣ እማማ ስልክ ሲያዩ «ሃሎ! ማን ልበል?» ይላሉ፤ ማዶ ያለው ሰው ስሙን ካልነገራቸው አያንጎራጉሩም። ስለዚህ ሜላት ድሮ ሠርግ ትቀርጽበት የነበረውን፣ ካለፈው የፈረስ በዓል ወዲህ ያልተነካውን ቪዲዮ ካሜራ ከሣጥን አወጣች። በካሜራ ፊት እማማ አይታሙም። ሻሻቸውን አስተካክለው አንጎራጎሩ። ተመልሶ ሲታይ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ክንዳቸው የሌለ ሕፃን ይወዘውዛል፣ ድምፅ የለም። ጉም ውስጥ ቆሞ የሚጣራ ሰው ይመስላሉ። ውብአየሁ የፈራችው ዝምታ ሐኪሙን ቀድሞ ቤቷ የገባ መሰላት።

«ችግሩ ገብቶኛል» አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ ገና ደጃፉን ሳይሻገሩ።

«ምንድን ነው?» አለች ሜላት።

«እሱን ልናየው ነው።»

ባትሪውን አውጥተው እፍ አሉበት። የድምፁን መጠን እስከ ጥግ ከፍ አደረጉት። ሜላት የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም የለም። «ከውጭ ሌላ ማይክ ሲሰካበት የራሱ ማይክ ሥራ ያቆማል» ብለው ጎኑን ፈተሹ። ይህ እውነት በመሆኑ ሁሉም ተገረመ፤ የተሰካ ነገር ግን አልነበረም። በመጨረሻ ካሜራው ላይ ጮኹበት፦ «አንድ! ሁለት! እንጅባራ!» የጎረቤት ውሻ መለሰላቸው፣ ካሜራው ዝም።

«ብርድ መትቶታል» ሲሉ ፈረዱ። ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር በሽተኛውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ፊቱን ብቻ ገልጠው፣ ደጅ አስቀመጡት።

ሁሉም አጠገቡ ተቀመጡ። ሣሩ ይተናል። ከቀርከሃው ቅጠል ላይ ጠል ጠብ ጠብ ይላል። እማማ አንገታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ያንጎላጃሉ። አንዲት ንብ መጥታ ካሜራውን ዞረችና አረፈችበት። ሌላም ተከተለቻት። ውብአየሁ በሕልሟ የምታይ እየመሰላት ቆየችና፣ «አቶ ትዕዛዙ፣ ንቦችዎ ካሜራው ላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለች።

አቶ ትዕዛዙ ጎንበስ አሉ። ከሌንሱ ሥር፣ ድምፅ የሚገባባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች በቢጫ ሰም ተደፍነዋል። ሰሙ በፀሐዩ ለስልሶ ማር ማር ይሸታል።

«ያን ጊዜ፣ የፈረሱ በዓል ላይ…» አሉና አቆሙ።

«ምን?»

«አቧራው ለጉድ ነበር። ሜላት ያዙልኝ ብላ ሰጠችኝ። ቀዳዳ ሳይ… የቀፎ ስንጥቅ ስደፍን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እጄ አያስችለውም።»

«ጋሽ ትዕዛዙ! አፉን ደፈኑት?» አለች ሜላት።

«ጆሮውን» ብለው በትሕትና አረሟት። «ማይክ ጆሮ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሱም። ሰሙን በመርፌ ጫፍ፣ ንብ እንዳያስቆጡ የሚጠነቀቁ ይመስል፣ ቀስ እያሉ ፈለቀቁት። ሜላት ማዳመጫውን ሰካችና ብድግ አለች። «የንቧ ድምፅ! የክንፏ ድምፅ ይሰማኛል!»

እማማ ነቅተው እሹሩሩውን ጀመሩ። ዜማው ቀጭን ነው፣ እንደ ጢስ እየተጥመለመለ ይወጣል። አቶ ትዕዛዙ ሁለት እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ቀብረው ጥግ ተቀምጠዋል። የውብአየሁ ዐይን ሊከደን ሲል እማማ መሀል ላይ አቆሙ።

«ትዕዛዙ የት ሄደ?»

«አለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው ድምፅህ ጠፋ? አሞሃል?»

«የለም… ደግሞ እንዳላበላሽብዎ ብዬ ነው።»

«አንተ ዝም ስትል ሰው ያለበት ቤት አልመስል አለኝ። በል አንድ ነገር ተናገርና ልቀጥል።»

አቶ ትዕዛዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይበሉ… ያንጎራጉሩልን» አሉ በስሱ። እማማም ከጀመሩበት እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

ሜላት መልሳ ካሰማቻቸው በኋላ፣ «መሀል ላይ የገባችውን ወሬ ቆርጬ ላውጣት» አለች።

«እንዳትነኪያት!» አለች ውብአየሁ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። «እሳቸው ከሌሉበት የእኛ ሰፈር መሆኑ በምን ይታወቃል?»