ተራ ወታደር ያጣው ማኅበር

ቅዳሜ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ኦልድ ካምፓላ የሚባለውን ሰፈራችንን የጎርፍ ቦይ ይጠርጋል፤ አራት መኮንኖች ዳር ቆመው ያዝዙታል። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራቸው የበጎ ፈቃድ ሥራ ይኸው ነው። ምን ይደረግ? ስደት ማዕረግ ይጨምራል መሰለኝ፤ አሥር አለቃ ሆኖ ከአገር የወጣ ሁሉ ካምፓላ ሲደርስ ሻምበል ሆኗል። ተራ ወታደር ሆኖ የቀረው ሰይድ ብቻ ነበር።

«ወደ ግራ ቆፍር!» አሉ ኮሎኔሉ።

«ቀኙ ይሻላል!» አሉ ሻለቃው።

ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸውን አቁመው ይስቃሉ።

«ጌቶቼ፣ እኔ ስሞት ማንን ልታዝዙ ነው?» አለ ሰይድ፣ ጭቃውን እየዛቀ።

«ያለ ትእዛዝ መሞት ክልክል ነው!» አሉ ኮሎኔሉ።

ሰይድ ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ጣሰ፤ ልቡ ቀጥ አለች።

በማግስቱ ጠዋት አራቱም የመቃብሩ ቦታ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። የሰይድ አካፋ መሬት ላይ ተጋድሟል። ማን ይቆፍር? እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚያዝዙት አጡ። እኔ የወታደር ልብስ ለብሼ አላውቅም። ግን አካፋውን አንስቼ ለኮሎኔሉ ሰጠኋቸውና እንደ እሳቸው ጮህኩ፦

«ይቆፍሩ!»

«አቤት ጌታዬ!» ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

እኔም ዳር ቆሜ «ወደ ግራ!» እያልኩ ወንድሜን አስቀበርኩ።