ዋሶቼ ሜዳ ገቡ

እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ኋላ እንዳትታዘቡኝ አስቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ወንበሬ ላይ ከተቀመጠ እስኪነሳ ድረስ አወራለታለሁ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ብቆርጠው አንዱ ደንበኛዬ «ምነው፣ ቤት ሰላም አይደለም?» ብሎ ተጨነቀ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ኳስ ሜዳ ዳር አቁሞ «አትጩህ» ማለት ደግ ነው? እናንተው ፍረዱ።

ጣጣው የመጣው በልጄ በማህሌት ነው። ማህሌት የሰፈራችን የታዳጊ ሴቶች ቡድን አጥቂ ናት። ሩጫዋ ከማን እንደመጣ እንጃ፤ እኔ ለአውቶብስ እንኳ ሮጬ አላውቅም። እናቷ «በኔ ነው የወጣችው» ትላለች። እሷም ስትሮጥ አይቻት ባላውቅም አልተከራከርኳትም።

አሰልጣኛቸው ሀብታሙ ይባላል። ወጣት የስፖርት መምህር ነው፣ ቆፍጣና ነው፣ ያለውን አይለውጥም። ልጆቹን ኳስ ብቻ አያስተምራቸውም፤ ሥነ ምግባርም ጭምር ነው። ይሁን፣ የልጆቹን ሥነ ምግባር ያስተምር። የኛን ምን አገባው? ክረምቱ እንደወጣ ወላጆችን ሜዳው ላይ ሰብስቦ የቡድኑን እሴቶች ነገረን። ታላቅን ማክበር አለ። የወደቀች ተጋጣሚን ማንሳት አለ። ሰዓት ማክበር አለ። ማን ይጠላል? ራሳችንን ነቀነቅን። መጨረሻ ላይ አንዷን ጣል አደረጋት። ቤተሰብ ዳኛ ላይ ወይም አሰልጣኝ ላይ ከጮኸ መጀመሪያ ቢጫ ካርድ ያያል። ከደገመ፣ ቡድኑ ውስጥ ያለው የሱ ሰው ይወጣል። እጃችንን አውጥተን አጸደቅን። እኔማ ሁለቱንም እጄን ነው ያወጣሁት፤ የሚያወራው ስለሌላው ወላጅ መስሎኝ።

ቀጥሎ ከደምበጫ ልጆች ጋር ስንጫወት ማህሌትን ጠልፈው ጣሏት። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። ጎፈሬያም ዳኛ ነበር። ታዲያ ባለሙያ አይደለሁም? «አንተ ዳኛ፣ ዓይንህ ላይ የወረደውን ጎፈሬ ና በነፃ ልቁረጥልህ!» አልኩት። ሜዳው በሳቅ አለቀ። ሀብታሙ ብቻ አልሳቀም። ቀጥ ብሎ መጣና ካርዱን ከኪሱ መዞ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። ለወላጅ ቢጫ ካርድ ሲሰጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ችግሩ የቀረን ጨዋታ ነው። ከሮብ ገበያ ልጆች ጋር ነው፤ ያሸነፈ ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። አቻ ከወጣን በነጥብ እነሱ ይሄዳሉ። ማህሌት ደግሞ ሐይቅ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ «አባዬ፣ ማዶው ይታያል?» እያለች ስትጠይቀኝ ነበር የከረመችው። በመጨረሻ አንድ ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ ቅር እንዳይልህ፤ ለዚህ ጨዋታ አንተ አትምጣ» አለችኝ። ቅር አለኝ። በጣም ቅር አለኝ። ግን አፌን ታውቀዋለች፤ ምን ብዬ ልከራከራት?

በኛ አገር ነገር ሲጠብቅ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ካርዱን እንዲያነሳልኝ ወደ ሀብታሙ ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ስንቱን ዲያቆን ያስተማሩ። ሌላው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱ። ሁለቱም ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም። ቅዳሜ በማለዳ ደጁ ቆሙ። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

ሀብታሙ ደንግጦ ግቡ፣ ተቀመጡ አላቸው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉት። ጉዳዩን ሲሰማ «አባቶቼ፣ ቢጫ ካርድ እኮ በሽምግልና አይነሳም» አለ። ሐጂ ኑሩ ይኼን ጊዜ «እንዴት ያለ ነገር ነው ልጄ! እንኳን ካርድ፣ ደም በሽምግልና ይደርቃል» አሉት። ታላቅን ማክበር የሚያስተምር ሰው ሁለት ሽማግሌ ደጁ አቁሞ ምን ያህል ይችላል? ላብ በላብ ሆነ። በኋላ እንዲህ ተስማሙ፦ ካርዱ አይነሳም፤ ሰውየው ግን በነሱ ዋስነት ይመጣል። እሱ ቢጮህ በነሱ፣ እነሱ ቢጮኹ በሱ ይቆጠራል። መሪጌታ ሳቁ። «እኛን ደሞ ምን ያስጮኸናል?» ብለው ተቀመጡ።

ማህሌትን ትንፍሽ እንደማልል ቃል ገባሁላት። ዓይን ዓይኔን አይታ፣ በዋሶቹም ተማምና፣ እሺ አለች።

የጨዋታው ዕለት ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሜዳው ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል። እኔ መሐል፣ ዋሶቼ ግራና ቀኝ ቆመናል። አፌን እንዲይዝልኝ መፋቂያ ነክሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር። መሪጌታ ያ ጥቁር የለበሰው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ዳኛ ነው አልኳቸው። «ዳኛ? ታዲያ ምን ያሯሩጠዋል? ዳኛ ቁጭ ብሎ ነው እንጂ እየሮጠ በምን ያስተውላል?» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየውን አላመኑትም።

ትንሽ ቆይቶ ማህሌት ኳስ ይዛ ብቻዋን ወደ ጎል ስትበር ፊሽካ ተነፋ። ኦፍሳይድ። ዋሶቼ ምን አጠፋች አሉ። በሹክሹክታ፣ ከነመፋቂያዬ፣ ከተከላካዮቹ ቀድማ ተገኝታ ነው አልኳቸው።

«ቀድማ በመገኘቷ ነው የምትቀጣው?» አሉ ሐጂ። «እኔ ገበያ ቀድሜ እየተገኘሁ አይደል ልጆቼን ያሳደግሁት?»

መሪጌታም ባሱ። ልጅን ቅደሚ፣ ቅደሚ እያሉ አሳድጎ ስትቀድም መቅጣት ምን የሚሉት ትምህርት ነው አሉ። ይኼኔ ሐጂ ኑሩ «አንተ ዳኛ!» ብለው ሲጮኹ መፋቂያዬ ከአፌ ወደቀ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ገመዱን ከፍ አደረጉ፣ ሐጂ ጎንበስ ብለው አለፉ፣ ተያይዘው ሜዳ ገቡ።

አሁን እኔ ምን ላድርግ? ተመለሱ ብዬ እንዳልጮህ መጮህ ክልክል ነው። ገብቼ እንዳልጎትታቸው መግባት ክልክል ነው። በሁለት እጄ ብጠራቸው ሕዝቡ በርቱ የምላቸው መስሎት አጨበጨበ።

ዳኛው መቼም ወላጅ ያሳደገው ነው። ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ እጅ ነሳ። ለዛሬ ተዋት አሉት፣ አንዱ ስለ እግዚአብሔር፣ አንዱ ስለ አላህ። አባቶቼ ሕጉ ነው አለ። እሺ ካላልከን አንወጣም አሉ። የሮብ ገበያ ልጆችም ሽማግሌ ሲናገር ነውና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ጨዋታው ቀርቶ ጉባኤ ሆነ። በመጨረሻ ማህሌት መጥታ ጉልበታቸውን ሳመችና ጥፋቱ የሷ እንደሆነ፣ ቸኩላ እንደሆነ ነገረቻቸው። ባረኳት። ዳኛውንም ባረኩት። እግረ መንገዳቸውን የሮብ ገበያዋንም ግብ ጠባቂ ባረኳት፤ ይኼኛው እንኳ ቢቀር ጥሩ ነበር።

እነሱ እንደወጡ ሀብታሙ ማህሌትን ጠራት። የዋሶቹ ጩኸት የኔ ነው፤ የኔ ደግሞ ሁለተኛ ነው። ወጣች። ወደኔ ሳታይ ሄዳ ተቀመጠችና ማልያዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። ያ ሐይቅ እያየሁት ራቀ።

መሪጌታ ደክሟት ነው ወይ አሉኝ። እናንተ ናችሁ ያስወጣችኋት አልኳቸው። ሁለቱም ክው አሉ። ሐጂ ተመልሰው ገብተው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሉ ኮታቸውን ጨምድጄ ያዝሁ።

ይኼን ሁሉ የሀብታሙ እናት፣ እትዬ ውዴ፣ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ ነበር የመጡት። አዩታ! «አንተ ሀብቴ! ልጅቷን አስገባ!» ብለው ጮኹ። ሀብታሙ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ካርዱን አወጣና ለእናቱ ቢጫ አሳየ።

እትዬ ውዴ ካርዱን አዩት፣ ልጃቸውን አዩት። «ለኔ? ጡት ላጠባሁህ ለኔ ነው ይቺን ብጣሽ የምታወጣው?» አሉ። የሮብ ገበያ ሰው እቤቱ ሆኖ ሳይሰማቸው አልቀረም።

ይኼ የሳቸው ሁለተኛ ጩኸት ነው። ቤተሰብ ከደገመ የሱ ሰው ይወጣል፤ ሀብታሙም የቡድኑ ሰው ነው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለረዳቱ ሰጠና በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ። ከኛ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እኔ ይኼን ልጅ ያን ቀን ነው የወደድኩት።

ረዳቱ ወደ እትዬ ውዴ አየ። እትዬ ውዴም አዩት። በልጆች ጨዋታ የወጣ ተመልሶ መግባት ይችላል፤ ማህሌት ገባች።

ብዙም አልቆየች። ኳሷን በግራ በኩል ይዛ አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች፣ መታችው። ገባ! ሐጂ ሲያቅፏቸው የመሪጌታ ጥምጥም ወደቀ። እኔ ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ፤ ከሆዴ የሚነሳውን እልልታ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ የሮብ ገበያ ልጆች እኛ ጎል ላይ ሰፈሩ። ዳኛው ጨዋታውን አልጨርስ አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል፤ ከቀኝ በኩል አንድ ድምፅ አመለጠ። «ሰዓትህ ቆሟል እንዴ አንተ ዳኛ! የሌለህ ዓይን ብቻ መስሎኝ፣ ጆሮም የለህም? ንፋው እንጂ!»

ሀብታሙ ነው። ገመዱን በሁለት እጁ አንቆታል። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ። ባሕር ዳር ገባን!

ልጆቹ ይጨፍራሉ። ማህሌት ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥታ ወደኔ መጣች። «አባዬ! ዳኛው ላይ ጮህክ አይደል? ቃልህ ይኸ ነው?»

ወደ ሀብታሙ ዞርኩ። አጎንብሶ ጫማውን ያስራል። እትዬ ውዴ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ወደ ዋሶቼ ዞርኩ። ደግነቱ ሁለት ምስክር አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚያምናቸው። «ንገሯት እንጂ!» አልኩ።

መሪጌታ ያጎነበሰውን አሰልጣኝ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አባት ነው» አሏት። «ስለኛ ብለሽ ማሪው።»

«ሁለተኛ አይለምደውም» አሉ ሐጂ፣ ማጅራቴን ይዘው ጎንበስ እያደረጉኝ። «እኛ ዋስ ነን።»

ማህሌትም፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ይቅር አለችኝ።