የበፍቃዱ መግቢያ

ፍሬ ነገሩ ላይ ሳይደርስ የሚመሽበት ሰው የሌለበት ቤት፣ ቢሮ፣ ሚኒባስ አይገኝም። የእኔ ዕጣ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው የአካዳሚክ ድርሰት አወቃቀር ማስተማር ሆነ።

ክቡር አቶ በፍቃዱ ቡሌ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ እኔ ዘንድ ይማራል። ሰሌዳው ላይ ሣጥኖች ሥዬ፣ "መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ! ዋናው ሐሳብ ከመግቢያው አይለፍ!" ብዬ ስጮኽ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ስለ አፈር መሸርሸር ጻፍ ሲባል ከኖኅ ውኃ ይነሣል።

"በፍቃዱ፣ ዋናው ሐሳብህ የታለ?"

"ይመጣል ቲቸር፣ መንገድ ላይ ነው።"

ወረቀቱ ያልቃል፤ ሐሳቡ አይመጣም።

አንድ ቀን አርፍዶ መጣና ለምን እንዳረፈደ ጠየቅኩት። የቡሌ መንገድ እንዴት እንደተቆፈረ ማስረዳት ጀመረ፤ ክፍለ ጊዜው በዚያው አለቀ። ሌላ ቀን በአንድ ሚኒባስ ወደ ወናጎ ስንሄድ ረዳቱ፣ "የት ነው የምትወርደው?" አለው። እሱ የሚሄድበት የመዝሙር ፕሮግራም በማን ሐሳብ እንደተጀመረ ሲተርክ ወናጎን አለፍናት። እኔም አፌን ከፍቼ ስሰማ አብሬ አለፍኩ። በእግር ስንመለስም አልጨረሰም።

ፈተናው ላይ መግቢያ ብቻ ጽፎ ኤፍ አገኘ። ሲደግመውም መግቢያው ረዘመ። ከዚህ ሙያ ምን አገኛለሁ ብዬ በቢሮዬ መስኮት ኮረብታውን እያየሁ የተቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

"ቲቸር፣ ትምህርቴን ላቆም ነው።"

ጥርት ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስንት ጊዜ ለምኜው እምቢ ያለኝ ነገር ሲመጣ ደነገጥኩ።

"ለምን?"

"አባቴ ታመመ። ማሳውን የሚይዝ ሰው የለም። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።"

ሐተታውም መደምደሚያውም በቦታቸው ነበሩ። እጁን ሊጨብጠኝ ዘረጋ።

"ቁጭ በል እስቲ፤ አባትህ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" አልኩት።

ተቀመጠ። ከአያቱ ጀመረ። አያቱ ያን መሬት ያገኙበትን፣ በቅሏቸው የሞተችበትን ተረከ። አላቋረጥኩትም። በመሀል የእህቱ የሮሆቦት ባል ሥራ ፈትቶ ወደ ቡሌ ሊመለስ እንደሚያስብ ጣል አደረገ።

"እሱ ማሳውን አይዝላችሁም?"

"ይኼን አላሰብኩትም" አለና ስልኩን ይዞ ወጣ።

ሐሙስ ክፍል ገብቶ ወረቀት አስረከበኝ። ሁሉም ገጽ መግቢያ ነው። ሻይ አዝዤ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ኪሴ ከትቼ፣ ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።