ፊልም በጆሯቸው የሚያዩት ጋሽ ልደቱ

በየሰፈሩ ፊልም በጆሮው የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ጋሽ ልደቱ ናቸው፤ ሲ.ኤም.ሲ ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጡረተኛ። እሑድ ከሰዓት ልብ አንጠልጣይ ፊልም ስንከፍት በሩ ይንኳኳል። ይገባሉ፤ የሶፋውን ጥግ ይይዛሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ከግንባራቸው እስከ አፍንጫቸው ስበው ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ጆሯቸው ብቻ ውጭ ይቀራል።

«ዓይን ይታለላል» ይላሉ ከጋቢው ውስጥ። «ጆሮ ግን አይታለልም።»

ትንቢቱ ወዲያው ይጀምራል። ቀጭን ቫዮሊን ብቅ ካለች፣ ልጅቷ ከዚያ ቤት በሰላም አትወጣም። ከስር ወፍራም ድምፅ ማጉረምረም ከጀመረ፣ ገዳዩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሰላማዊት መጨረሻውን ቀድማ ሳታውቅ የጨረሰችው ፊልም የለም። አንድ ቀን መሯት፣ በአክብሮት ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው። እሺ አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ግን ሰው ሊሞት ሲል አተነፋፈሳቸው ይለወጥ ጀመር። ያው ትንቢት ነው።

ሲኒማ ቤትም ወስደናቸው እናውቃለን፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ። ተዋናይቷ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስትገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሙዚቃው አይሰማሽም እንዴ?» አሏት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የፊልሙ አስፈሪ ትዕይንት ዳግም ነፍስ አልዘራም።

አንድ እሑድ ግን ነገሩን በቁም ነገር አስረዱኝ። ሪሞቱን ተቀብለውኝ ድምፁን አጠፉት። አንዲት ሴት ደረጃ ትወርዳለች። ሌላ ምንም የለም፤ ሰላማዊት እንኳ አዛጋች። ከዚያ ወደ ኋላ መልሰው ከነድምፁ ከፈቱት። መጀመሪያ ዝናብ ነበር። ዝናቡ እየራቀ ሄዶ የሴትየዋ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ከወለሉ ስር በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ ጉርምርምታ መጣ። ደረጃው ሲጢጥ ይላል፤ ቀጣዩ ሲጢጥታ ይመጣል ብለህ ከጠበቅህበት ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ሙዚቃው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ተቋረጠ። ሰላማዊት ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ሙዚቃው እስካለ ድረስ አብሯት የሚፈራላት አለ» አሉኝ ጋሽ ልደቱ። «ሲቆም ብቻዋን ቀረች ማለት ነው።»

ሐምሌ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለሕንፃችን ወተት የሚያመጡልን ጋሽ ኤጀታ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ጫካው ጫፍ ላይ ከላሞቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ያን ሰሞን ቀሩ። ስልካቸውም አይነሳም። ጎረቤቱ ሁሉ ዝናቡ ይዟቸው ይሆናል አለ። ጋሽ ልደቱ ግን ጠዋት ቡትስ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በራችን ላይ ቆሙና፣ «ወንዴ፣ መኪናህን አስነሳ» አሉኝ።

መንገዱ ሲያልቅ መኪናዋን ትተን በእግር ቀጠልን። ጉሙ ባሕር ዛፉን ከወገቡ በላይ ውጦታል። ግንዶቹ ሲፋተጉ አንድ ሰው አሮጌ በር ቀስ እያለ የሚከፍት ይመስላል፤ ዞር ስትል በርም ሰውም የለም። ጋሽ ልደቱ እስከዚያ ድረስ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ኑሮ ውድነት እያወሩ ነበር። በመካከሉ ዝም አሉ። እኔ መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዱም። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ዱም።

ከበሮ እንዳልል ሚካኤልን ከታች ርቀን ትተነዋል፤ በዚያ በኩል ሌላ ቤተ ክርስቲያን የለም። የባዶ ነገር ድምፅ ነው፤ ከፊታችን ይመጣል ስንል ከኋላችን ይሆናል። ማገዶ የተሸከመች ሴት ከጉሙ ውስጥ ወጥታ ልታልፈን ስትል፣ ጋሽ ልደቱ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ከትናንት ጀምሮ እንደሚሰማ፣ መንደሩም በዚያ በኩል ማለፍ እንደተወ ነገረችን። ሸክሟን እንዳዘለች አማተበች።

«የሰው አይደለም፤ ተመለሱ» ብላን ወረደች።

እኔ ወዲያው መኪናዬ ናፈቀችኝ።

ምቱ እየዘገየ ሄደ። አንዴ መታ። ቆየና፣ በጣም ቆየና፣ ደከም አድርጎ ደገመ። ከዚያ ቀረ። ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ጎልቶ ተሰማኝ።

«ቆመ» አሉ ጋሽ ልደቱ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሰው ነው፣ ወንዴ፤ ደክሞት ነው የቆመው።»

«ይቆዩ እንጂ፣ መጀመሪያ ሰው እንጥራ» አልኳቸው።

«ሰው ስንጠራ ቦታው ይጠፋናል።»

የፊልም ደም ላለማየት ጋቢ የሚከናነቡት ሰውዬ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ቆመው ያዳምጣሉ፣ «ኤጀታ!» ብለው ይጣራሉ፣ እንደገና ያዳምጣሉ። ትቻቸው መመለስ አልቻልኩም፤ ተከተልኳቸው። አንድ ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሳቸው ግን ቁጥቋጦውን ገልጠው ቁልቁል መንሸራተት ጀመሩ።

ጋሽ ኤጀታ አንድ ጉድባ ውስጥ ወድቀው ነበር፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ከወገባቸው በታች በጭቃ ተይዘው። ባዶው የወተት ጀሪካን ደረታቸው ላይ ነው፤ የሚመቱበት ዱላ ከእጃቸው ወድቋል። ጉሮሯቸው ከተዘጋ በኋላ ጀሪካኑን ይመቱ እንደነበር በሹክሹክታ ነገሩን። መንገደኛ ከላያቸው ሲያልፍ ኮቴው ይሰማቸዋል፤ ሰው በሰሙ ቁጥር አጠንክረው ይመታሉ፤ አጠንክረው በመቱ ቁጥር ኮቴው ወደ ሩጫ ይለወጣል።

ጋሽ ልደቱ ጋቢያቸውን አልብሰዋቸው አጠገባቸው ቀሩ፤ እኔ መንደር ወርጄ ሰው ይዤ ተመለስኩ። በቃሬዛ አውጥተን ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ብርዱን ሌላ አንድ ሌሊት የሚቋቋም አቅም እንዳልቀራቸው፣ እግሩ ግን እንደሚድን ነገረን።

ጋሽ ልደቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ቡትሳቸው ጭቃ ነው፣ ጸጉራቸው ላይ ቅጠል ቀርቷል። ሻይ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሊያቆሙት ቢሞክሩም አልታዘዝ አላቸው። ለካ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረዱት እንዲሁ እየተንቀጠቀጡ ኖሯል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ብርጭቆውን ያዝኩላቸው። ጎንበስ ብለው ፉት አሉ። ሻዩ ትኩስ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ እኔም አልቸኮልኩም።