የጋሽ ኤርካሎ ቆጠራ

በየዕድሩ፣ በየሠርጉና በየስብሰባው አንድ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ሰው ጃኬቱን አንሥቶ ሊወጣ ሲል ጣቱን ቀስ አድርጎ ያነሣና «አንዴ ቆዩ፤ ደንቡ ምን ይላል?» ይላል። ጃኬቱ ሁሉ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ይህን ዓይነት ሰው የሌለው ከተማ የለም። ለወላይታ ሶዶ የደረሷት ጋሽ ኤርካሎ ናቸው።

ጋሽ ኤርካሎ ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ከጉኑኖ እስከ ቢጠና የእሳቸው ሜትር ያልተዘረጋበት ማሳ የለም ይባላል፤ ይህን የሚሉት በአብዛኛው ራሳቸው ናቸው። ዕድራቸው ሊቀመንበር መርጦ ካጨበጨበ በኋላ፣ ሁለት አባላት እጃቸውን ያወጡት ከበር ውጭ ቆመው ነው ብለው ምርጫውን አስደግመዋል። በእኅታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ሲነሡ የሙሽራው ወገን መሟላቱን ጠየቁ። አንድ አጎት ጎደለ። አጎትየው ከሻንቶ ሚኒባስ አግኝቶ እስኪመጣ ድረስ ሙሽሮቹ ቆመው ጠበቁ።

ሜላት እኚህን የተከበሩ ሰው ያወቀቻቸው «ጎ» በሚባል ጨዋታ ነው። ጎ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ይዞ መስመር በተጠላለፈበት ሰሌዳ ላይ ባዶ ቦታ ያጥራል፤ የተከበበ ጠጠር ይማረካል፤ ብዙ ያጠረ ያሸንፋል። ጋሽ ኤርካሎን በጎልማሳነታቸው ያስተማራቸው መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በከተማው ባንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምረው ሜላት የተማረችው ከኢንተርኔት ነው። ሦስተኛው ተጫዋች ባለሱቁ ሽኩር ነው፤ ሰሌዳው የሚዘረጋው በእሱ በረንዳ ላይ፣ በሩዝ ጆንያዎቹ መካከል ስለሆነ እያየ ለመደ።

ሜላት ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጎ የሚጫወት ፕሮግራም ሠርታለች። በጥናቷ ውስጥ «በየትኛውም ደንብ ይጫወታል» ብላ ጽፋለች። ፈታኞች ፊት ልትቀርብ ወር ሲቀራት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ ወደ በረንዳው መጣች።

ጋሽ ኤርካሎ ጠጠር ከመንካታቸው በፊት ቆጠራው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት ዓይነት ነውና። አንዱ ያጠርከውን ቦታም፣ በላዩ የቆሙትን ጠጠሮችህንም ይቆጥራል። ሁለተኛው፣ እሳቸው የሚያውቁት፣ ባዶውን ቦታና የማረክኸውን ጠጠር ብቻ ይቆጥራል፤ በገዛ ቦታህ ውስጥ ጠጠር ካስቀመጥክ አንድ ነጥብ ይጎድልብሃል። ሜላት ፕሮግራሙን ያሠለጠነችው በመጀመሪያው ነበር። ብዙ ልዩነት የለውም አለችና በእሳቸው ደንብ ተስማማች። ፕሮግራሙ የመረጠውን ቦታ ከላፕቶፑ እያየች ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ የምታስቀምጥለት እሷ ናት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ በአራት ነጥብ መራ። የሚታጠር ቦታ አልቋል። ጋሽ ኤርካሎ ተራቸውን አለፉ። ፕሮግራሙ ግን በራሱ ቦታ ውስጥ አንድ ጠጠር አስቀመጠ። በተማረው ቆጠራ ይህ ምንም አያስከፍለውም። እሳቸው እንደገና አለፉ፤ እሱም እንደገና አስቀመጠ። ሰባት ጊዜ አለፉ፣ ሰባት ጊዜ የገዛ ጓሮውን ሞላ። ሲቆጠር ጋሽ ኤርካሎ በሦስት አሸነፉ።

ሜላት ፊቷ ቀላ። እኔ በማውቀው ደንብ አሸንፏል አለች።

«ልጄ፣ አንቺ የጻፍሽው ግን ‹በየትኛውም› ብለሽ ነው» አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

ቤቷ ስትገባ ያችን ቃል ሰረዘቻት። ፈታኞቹ ጎ አያውቁም፤ ማን ያስተውላል? ከዚያ ጋሽ ኤርካሎ ፈተናው ለሕዝብ ክፍት መሆኑንና የሚጀመርበትን ሰዓት ሽኩርን ሲጠይቁት መስማቷ ትዝ አላት። ቃሏን መልሳ ጻፈቻት።

በሚቀጥለው እሑድ ፕሮግራሙ ማለፍ ተምሮ መጣ። ጋሽ ኤርካሎ አለፉ፤ እሱም አለፈ። ነገር ግን በፕሮግራሙ ቦታ ውስጥ አራት የጋሽ ኤርካሎ ጠጠሮች ተከበው ቀርተዋል። መውጫ የላቸውም። ሰው እንዲህ ያሉትን አይቶ «እነዚህ ሞተዋል» ይልና ተስማምቶ ያነሣቸዋል። ፕሮግራሙ ግን ሰሌዳው ላይ የቆመውን ሁሉ በሕይወት አለ ብሎ ቆጠረና ቦታውን አጣ። ሜላት መሞታቸው ግልጽ ነው አለች። እሳቸው የምጫወተው ከእሱ ጋር ነው፣ እሱ ያስረዳኝ አሉ። ለማስረዳት ከብቦ መማረክ አለበት፤ ለመማረክ ደግሞ በገዛ ቦታው ጠጠር እያስቀመጠ ነጥብ ይከስራል። ካስረዳ ይሸነፋል፣ ካላስረዳም ይሸነፋል።

«ጋሼ፣ መሞታቸውን እኮ ሩዝ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለ ሽኩር።

ሜላት ላፕቶፑን ዘጋች። እንባዋ ሊመጣ እንደሆነ ያየ ሽኩር ወደ ሱቁ ገባ። ጋሽ ኤርካሎ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉኑኖ አካባቢ ስለ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ነገሯት። እያንዳንዱ ትክክለኛነቱን ለማሳየት ችካሉን ነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተክል ይፈልግ ነበር። እሳቸው ማሳውን በወረቀት ላይ ነደፉላቸውና እርሳስና ላጲስ ሰጧቸው። ወንድማማቾቹ ቀኑን ሙሉ ሲስሉና ሲያጠፉ ዋሉ።

«እውነቱ ወረቀቱ ላይ ወጣ» አሉ። «ማሳው ላይ ግን አንድ ችካል አልተነቀለም።»

ሜላት ቀስ ብላ ላፕቶፑን መልሳ ከፈተችው።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታ ሠራች። አሁን ጨዋታው ሲያልቅ ፕሮግራሙ የሰሌዳውን ግልባጭ ያወጣል። በግልባጩ ላይ እስከ መጨረሻው ተዋግቶ ማን እንደሚሞት ያያል። ከዚያ ግልባጩን ይጥልና ጠጠር ካልተነካበት ከዋናው ሰሌዳ ይቆጥራል። በአራተኛው እሑድ በሁለት ነጥብ አሸነፈ። ጋሽ ኤርካሎ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ቆጠሩ፤ አንዴ ደግሞ ሽኩርን አስቆጠሩ። ከዚያ ተነሥተው ለሜላት እጃቸውን ዘረጉ።

በፈተናው ቀን አንዱ ፈታኝ «በየትኛውም» የሚለውን ቃል አንሥቶ ጠየቀ። ሜላት ስለ ግልባጩ አስረዳች፤ አለፈች። ሰብሳቢው ሊዘጋ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ጣት ተነሣ። የታዳሚ ጥያቄ እንደማይፈቀድ ለባለጣቱ ተነገራቸው። ይህን የሚከለክለው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠየቁ። አዳራሹ ሌላ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ፤ ሜላት አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ጋሽ ኤርካሎ ቢጠና ወደምትኖር ልጃቸው ሄደው አንድ ወር ቆዩ። ሜላትና ሽኩር በረንዳው ላይ በሰላም ተጫወቱ። የሞቱትን ጠጠሮች በአንድ እይታ ተስማምተው አነሡ፤ ቆጠሩ፤ ተጨባበጡ። ሽኩር ሰዓቱን አየ። አርባ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ቶሎ አለቀ» አለ።

ሜላት ባዶውን ወንበር አየችና ስልኳን አወጣች። ጋሽ ኤርካሎ ሲያነሡ አንድ የደንብ ጥያቄ እንዳላት ነገረቻቸው። በሁለቱም ወገን ጠጠሮች መካከል ያለ፣ ማንም ሊነካው የማይደፍር ባዶ ቦታ ለማን ይቆጠራል? መልሱን ታውቀዋለች፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የጻፈችው ራሷ ናት።

በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ይህ በችኮላ የሚመለስ ነገር አይደለም» አሉ ጋሽ ኤርካሎ ደስ ባለው ድምፅ። «ጠጠሮቹ የት የት እንዳሉ አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ሽኩር ሻይ ሊያዝዝ ተነሣ። ሜላት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችውና ከላይኛው ግራ ጥግ ጀመረች።